የተፋቀው መስመር

እኔ ቶሎ የምጽፍ ሰው አልነበርኩም። ዛሬ የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም። «ጠዋት የነገርንህን ቀትር ሳይሆን ጨርሰህ ትሰጠን የለም እንዴ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ግን ከእናቴ ሆድ ይዤው የወጣሁት ነገር አይደለም። ያስተማሩኝ ሀ ከሁ የማይለዩ፣ ከገሳይ ወዲያ ካለ መንደር በእግራቸው የመጡ አንዲት ሴት ናቸው፤ ሁለት ቀን ብቻ ፈጀባቸው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይህን ውለታ ሳልጽፈው ብሞት እግዜርም አይወድልኝ። እሳቸው ቢሰሙኝማ ገና ከዚህ ላይ «በዛ፣ ፋቀው» ባሉኝ ነበር።

ጽሕፈት የተማርኩት ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ካለ ደብር፣ መጽሐፍ ከሚጽፉ አንድ መምህር ዘንድ ነው። የፍየል ቆዳ ወጥረን ብራና እናወጣለን፣ ከጥላሸት ቀለም እንበጠብጣለን፣ መቃ ቀርጸን ብዕር እናበጃለን። ፊደል የተሳሳተ እንደሆነ በትንሽ ካራ ጫፍ ይፋቃል። ብራና ታጋሽ ነው፤ አምስት ጊዜ ፍቀህ ስድስተኛውን ብትጽፍበት ዝም ይላል። መምህሬ ግን ደጋግመው የሚነግሩኝ ነገር ነበራቸው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ አትፋቅ፣ ገጹ ሳያልቅ ካራ አታንሳ ይሉኝ ነበር።

እኔ ዓመለኛ ነበርኩ። አንዲት ፊደል አንገቷ ትንሽ ዘንበል ካለች አላልፋትም። ሦስት ፊደል ጽፌ ሁለቱን እፍቃለሁ፤ ቀለሙ እርጥብ ስለሆነ ይዝረከረካል፤ የተዝረከረከውን ደግሞ እፍቃለሁ። ጓደኞቼ ገጹን ሲጨርሱ እኔ አራተኛው መስመር ላይ ነኝ። «ይኼ ልጅ የመጣው ቆዳ ሊጨርስ ነው» ይሉ ነበር መምህሬ፣ ተማሪውም ይስቅብኛል። እኔ ግን ውስጥ ውስጡን እኮራ ነበር። ጠንቃቃነት መስሎኝ።

ጣሊያን ገብቶ ደብረ ታቦር ላይ ምሽጉን ሲሠራ የመምህሬ ጉባኤ ተበተነ። ግማሹ ተማሪ ወዳገሩ ሄደ፣ ግማሹ ጫካ ገባ። እኔ ለጫካውም ለእርሻውም የማልሆን ሰው ነኝና ብዕሬንና ካራዬን፣ ጥቂት የብራና ቁርጥራጭም በአኮፋዳ ይዤ ከተማ አክስቴ ቤት ገባሁ። ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው።

አገሩ ሁሉ አቤት የሚልበት ነገር በዝቶ ነበር። በሬው የተነዳበት፣ ወንድሙ መንገድ ሥራ ተይዞ ያልተመለሰለት፣ ጎተራው የተፈተሸበት። ጣሊያኑ ሹም አቤቱታ የሚሰማው ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ነበር፤ የሚሰማውም በጽሑፍ ከቀረበ ብቻ ነው። ስለዚህ ከምሽጉ በታች ካለው ወይራ ሥር አጎዛ አንጥፌ ተቀመጥኩ። ለጣሊያን መጻፉ ደስ አይለኝም ነበር፤ የሚያሙኝም ነበሩ። ግን የታሰረውን ሰው የያዘው እሱ ነው። ለማን ልጻፍ?

ወረቀት እንደ ብራና አይደለም። እኔ ግን በለመደው እጄ ወረቀቱንም በካራ እፍቀው ነበር። ሲሳሳ ይቆይና ብጭቅ ይላል። አንድ ቀን ለይፋግ ሰው የጻፍኩለትን ወረቀት የበሩ ዘበኛ ወደ ፀሐይ አነሳና በቀዳዳው አጮልቆ አየኝ። «እዚህ ውስጥ የነበረው ቃል የት ሄደ?» አለኝ። የተፋቀ ወረቀት አይቀበሉም ነበር፤ ከታየ በኋላ የተለወጠ ይመስላቸዋል። ያ ሰው ከይፋግ ድረስ መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። እስከ ዛሬ ፊቱ ይመጣብኛል።

ከዚያ ወዲህ አንዲት ፊደል በተሳሳትኩ ቁጥር ወረቀቱን ጥዬ እንደ አዲስ እጀምር ነበር። ለአንድ አቤቱታ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። ሰው ወይራው ሥር ተኮልኩሎ ይጠብቃል፤ ሐሙስ ያልፈዋል፤ ለሚቀጥለው ሐሙስ ይቀጠራል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ፊደል አስውባለሁ።

የሹሙ አስተርጓሚ ከመረብ ማዶ የመጣ፣ ጉንፋን የማይለቀው ቀጭን ሰው ነበር። አንድ ቀን ሲያልፍ ቆመና «ያንተ ወረቀት ሲቀርብ ሹሙ ሲጋራውን ያወጣል» አለኝ።

«ለምን?» አልኩት።

«ጉዳዩ እስኪመጣ አንድ ሲጋራ ያልቃላ። ሲጋራው ሲያልቅ ሌላ ሰው ይጠራል።»

ብግን አልኩ። ይህ ሰው ወግ አያውቅም አልኩ በልቤ። የእኔ አቤቱታ በምስጋና ይከፈታል፣ የባለጉዳዩ ሙያና ደግነት ይዘረዘራል፣ ጉዳዩ መጨረሻ ላይ እንደ ሙሽራ ታጅቦ ይገባል። እንዲህ ነው የተማርኩት። ሰው የሚፈታው ጥሩ ሰው ስለሆነ ነው ብዬ አምን ነበር።

ሴትዮዋ የመጡት መስቀል አልፎ ገብሱ ቢጫ በሆነበት ሰሞን፣ ማክሰኞ ቀን ነው። በዕድሜ እናቴን ያህላሉ። ጉልበታቸው ድረስ አቧራ ለብሰዋል። ስማቸውን እዚህ አላነሳም፤ ልጆቻቸው አሉ። እኔ እሜቴ እላቸው ነበር፣ እንዲሁ እላቸዋለሁ።

«ልጄ፣ ጸሐፊው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እሜቴ፣ ይቀመጡ።»

«መቀመጡን ተወው። ባሌን ቅዳሜ ገሳይ መንገድ ላይ ይዘውታል። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ከሌሎቹ ጋር በካሚዮን ወደ ጎንደር ይጭኑታል አሉኝ። ሐሙስ አቤት ልልበት ነው የመጣሁ።»

ነገሩን አወጣጣሁ። ሰውዬው ሁለት አህያ ገብስ ጭነው ለሟች ወንድማቸው ተዝካር ይወስዱ ነበር። ወታደሮቹ አግኝተው ለሽፍታ የሚሄድ ስንቅ ነው አሉ፤ ሽፍታ የሚሉት አርበኛውን ነው። አህዮቹንም ገብሱንም ሰውዬውንም ወሰዱ። ያን ጊዜ ወደ ጎንደር ከተጫኑት መካከል ተመልሶ የመጣ እኔ አላየሁም። አንዳንዶቹ ባሕር አቋርጠው ተወሰዱ ይባል ነበር፤ አንዳንዶቹ ምን እንደሆኑ የሚናገር ሰው አልነበረም።

«ሐሙስ ይደርስልዎታል» አልኳቸው።

«ሐሙስ መቼ?»

«እንግዲህ፣ ረፋዱ ላይ።»

«አቤቱታው የሚሰማውስ?»

«ጠዋት።»

አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝና ነጠላቸውን ሰብስበው እፊቴ ቁጭ አሉ። ይሂዱ ብላቸው አልሄድም አሉ። ዓይናቸው እጄ ላይ ነው። እኔ ጀመርኩ፤ የመጀመሪያዋ ቃል አልጣመችኝም፤ ካራዬን አነሳሁ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉ።

«እያረምኩ ነው።»

«ምኑን? ገና ምን ጻፍክና?»

ፊደሏን መፋቄን ቀጠልኩ። ደሜ ፈልቷል። ፀሐይ ስትጠልቅ አንዱ ወረቀት ተቀዶ ነበር፣ ሁለተኛውን በአምስተኛው መስመር ጥዬዋለሁ፤ የቀረኝ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀት የሚሸጠው ነጋዴ ደግሞ የሚመጣው ቅዳሜ ገበያ ነው። ይህን ስነግራቸው አልጮሁብኝም። ጮኸውብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አክስቴ ቤት ወስጄ አሳደርኳቸው፤ የቀረበላቸውን እራት ቆንጠር አድርገው ተዉት።

ረቡዕ ጠዋት ወይራው ሥር ስደርስ ቀድመውኛል። አንዲቷን ወረቀት አውጥቼ እንደ ታቦት በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ብዕሬን ለመንከር ድፍረት አጣሁ። እሳቸው አኮፋዳዬን ያያሉ።

«ያ ቆዳ ምንድን ነው?»

«የብራና ቁራጭ ነው። ከመጽሐፍ የተረፈ።»

«ይጻፍበታል?»

«ይጻፍበታል።»

«ይፋቃል?»

«እስኪበቃዎት ድረስ።»

«ታዲያ ወረቀቱን ምን ያሰቃየዋል? መጀመሪያ እሱ ላይ ጽፈህ፣ ስትጨርስ ወደ ወረቀቱ አትገለብጠውም?»

ሞኝነቴን ልንገራችሁ። ለወራት ይህ አልታየኝም ነበር። ብራና የእግዚአብሔር ቃል የሚጻፍበት ነው፤ የጣሊያን አቤቱታ ብጽፍበት ነውር መስሎኝ ቁርጥራጩን በአኮፋዳ ተሸክሜ እዞር ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው። «እግዜር ሰው ሲፈታበት ይቀየማል?» አሉኝ። ብራናውን አወጣሁ።

ሁለተኛው ነገራቸው ከዚህ ይብስ ነበር። እጃቸውን ዘረጉና «ካራዋን ስጠኝ» አሉ።

«ለምን እሜቴ?»

«ስትጨርስ እሰጥሃለሁ።»

«ያለሷ እንዴት ብዬ ነው የምጽፈው?»

«በብዕርህ። ትላንት ሙሉ ቀን አየሁህ ልጄ። ባሌ ሲዘራ ዝም ብሎ ይዘራል፤ አጨዳው ሌላ ቀን ነው። አንተ እየዘራህ ታጭዳለህ።»

ተቀብለው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሯት። እኔ በእናቴ ዕድሜ ካሉ ሴት ጋር መታገል አልችልም፤ ጻፍኩ። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ጥርስ እንደ መንቀል ነበሩ። አንዲት ፊደል ትጣመማለች፣ እጄ ወደ ጉልበቴ ሥር ካራ ፍለጋ ይሄዳል፣ ባዶ ይመለሳል። አምስት መስመር ከሄድኩ በኋላ እጄ ፍለጋውን ተወ። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ መጻፌንም ረሳሁ፤ ነገሩ ራሱ ይመጣ ጀመር። ፀሐይዋ የወይራውን ጥላ ሳታሳጥር ብራናው ሞላ። በሕይወቴ አንድ ገጽ ሳልፍቅ የጨረስኩት ያን ቀን ነው። ቀና ስል አንገቴ ራሱ ቀለለኝ።

«እስቲ ድምፅህን አውጥተህ አንብብልኝ» አሉ እሜቴ።

ምስጋናውን አነበብኩ፣ ሰላምታውን አነበብኩ፣ ወደ ባላቸው ደረስኩ። «ባሌ በአገሩ የታወቀ፣ አንደበቱ የታረመ፣ እጁ የተፈታ፣ በሩ ለመጣ የማይዘጋ፣ ቀን የመጣውም ሌሊት የመጣውም ጠግቦ የሚወጣበት፣ ከነብር የማይሸሽ፣ ተኩሶ የማይስት ሰው ነው።»

እንባቸው መጣ። «ልክ እሱ ነው» አሉ። «ሳታየው እንዴት አወቅኸው?» ኩራቴ ልቤን ነፋው። በተለይ የቀንና የሌሊቱን ስጽፍ እኔንም ራሴን ጣፍጦኝ ነበር።

«ድገመው» አሉ።

ደገምኩት። በሁለተኛው አላለቀሱም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ፤ ሳልጨርስ እጃቸውን አነሱ።

«ይኼን ማን ይሰማዋል?»

«ሹሙ።»

«ጣሊያኑ።»

«አዎ እሜቴ።»

«ሌሊት የሚመጣው ማን ነው ቢለኝ ምን እለዋለሁ?»

ብራናውን ዝቅ አደረግኩ። በዚያ ዘመን ሌሊት በር የሚቆረቁር ማን እንደሆነ ሕፃን ያውቀዋል። አርበኛ ነው፤ ለእሱ እንጀራ የቆረሰ ቤቱ ይቃጠላል። እኔ ዐረፍተ ነገሩ እንዲያምርልኝ ብዬ ቀንን ከሌሊት አጋጠምኩ። ያ ሳይበቃኝ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ያስረክብ በተባለበት አገር ሰውዬውን ተኩሶ የማይስት አልኳቸው። ስንቅ አቀበለ ተብሎ የተከሰሰ ሰው ነው። በቆንጆ ጽሕፈቴ ለገመድ አዘጋጅቻቸው ኖሯል።

ይህን አይቼም ወዲያው እሺ አላልኩም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ተከራከርኩ። «ተኩሱንና ነብሩን እናውጣው» አልኩ። «የቀንና የሌሊቱ ግን ትቆይልኝ፤ እሷ ከወጣች ጽሑፉ ይሞታል።»

«ይሙት» አሉ እሜቴ። «ባሌ ይኑር።»

ካራዋን ከመቀነታቸው ፈተው ሰጡኝ። ቀለሙ ደርቋል፤ ደርቆ ሲፋቅ እንዴት ያለ ጽዱ ሆኖ እንደሚወጣ ያን ጊዜ አየሁ፤ መምህሬ ስንት ዓመት የለፈለፉት ይኸው ነበር። የወደድኳትን መስመር ፈቅፍቄ አነሳኋት፤ ዱቄቷን እፍ አልኩት።

ከዚያ ከላይ ጀመርን። እኔ አንድ መስመር አነባለሁ፣ እሳቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁኛል።

«ይኼ ያስፈታዋል?»

«ይኼማ ሰላምታ ነው። ወግ ነው።»

«ስንት መስመር ወግ ይበቃዋል?»

«አንድ።»

«አንድ ተው።»

እንዲህ እያልን ወረድን። አንደበተ ርቱዕነታቸው ያስፈታቸዋል? አያስፈታቸውም፤ ተፋቀ። የአባታቸው ማዕረግ? ተፋቀ። የተረፈውን ሳየው ሥጋው የተገፈፈ አጥንት መሰለኝ። ደግሞ ቅደም ተከተሉ ነበር፤ መያዛቸውን ከታች ነበር ያስቀመጥኩት። «የመንደሬ ሰው ሊነግረኝ ቤቴ ሲገባ መጀመሪያ ያለኝ ‹ያዙት› ነው» አሉ። መያዙን ወደ ላይ አወጣነው። የተሳሳተ ፊደል መልቀሙ መጨረሻ ላይ ለብቻዬ ተተወልኝ፤ እሱ ትንሽ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ስንቱን ቀን የበላኝ እሱ ነበር፤ ሊጣል የሚገባውን መስመር ሳስውብ ነው የኖርኩት።

ስንጨርስ ገና ቀትር አልሆነም። እሜቴ ወደ ሰማይ አዩና «ጊዜ ተርፎናል» አሉ። እኔ ሥራ ጨርሼ ጊዜ ተርፎኝ አያውቅም፤ ምን እንደሚደረግበትም አላውቅ። እሳቸው አወቁ። የተዝካሩን ነገር የሚያውቁ የደብራቸው አስተዳዳሪ ቄስና የመንደሩ አለቃ የሆኑት ጭቃ ሹም ነበሩ። ወደ ገሳይ በበቅሎ የሚመለስ አንድ ነጋዴ አገኙና ለሁለቱም መልእክት ላኩ፤ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ምሽጉ በር ላይ ድረሱልኝ አሉ።

«ይመጣሉ?» አልኩ።

«ይመጣሉ። ጻፈው።»

ካራዋን መልሰው ወሰዱብኝ፤ ወረቀት ላይ ልጽፍ ነዋ። በአንዲቷ ወረቀት ላይ ገለበጥኩ። ስሞቹን እዚህ ብዘላቸው እንዲህ የምትል ናት፦

«ለክቡር ሹም ጤና ይስጥልኝ። ባሌን ቅዳሜ ቀን ገሳይ መንገድ ላይ ይዛችሁታል። ሁለት አህያ ገብስ ጭኖ ነበር። ገብሱ ለሟች ወንድሙ ተዝካር ነው። ይህን የሚያውቁ የደብሩ አስተዳዳሪና የጭቃ ሹሙ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ይጠየቁ። የደረሰ ሰብል አለን፤ ከእሱ በቀር የሚያጭደው ሰው የለም። ይፈታልኝ።»

ሰባት ዐረፍተ ነገር። አንዲት ፊደል አልተፋቀችም።

ሐሙስ ጠዋት በሩ ላይ ስንቆም ምስክሮቹ የሉም። ወረቀቱ ገባ። ዘበኛው ወደ ፀሐይ አነሳው፤ ቀዳዳ አጣበትና አሳለፈው። እሜቴ ወደ ገሳይ መንገድ ያያሉ፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ። ያ «በሩ ላይ ቆመዋል» ያልኩት ውሸት ሊሆን ነው አልኩ በልቤ። ኋላ ከቁልቁለቱ ሥር ጥቁር ካባ ብቅ አለ። ቄሱ ነበሩ፤ ከኋላቸው ጭቃ ሹሙ እያነከሱ። ሌሊቱን ሲጓዙ አድረዋል። ትንፋሻቸው ሳይመለስ በስም ተጠሩና ገቡ።

እኔ መግባት አልተፈቀደልኝም። ውስጥ የሆነውን የነገረኝ ኋላ አስተርጓሚው ነው። «እስከ መጨረሻው አነበብኩለት» አለኝ በጉንፋኑ ድምፅ። «ሲጋራውን ገና ሲፈልግ አለቀ። ምስክሮቹ የታሉ አለ፤ እነሆ አልኩት። እንዲህ ጻፍ እንጂ ወንድሜ።»

ፍርዱ ወዲያው አልወጣም። ቄሱና ጭቃ ሹሙ ቃላቸውን ሰጥተው አገር ቤት ተመለሱ፤ እኛ ቆዩ ተባልን። እወይራው ሥር ወርደን ስንቀመጥ ሁለት ባለጉዳዮች ይጠብቁኛል፤ አንዱ ወረቀቱን ከራሱ ይዞ የመጣ ነበር፣ ለሌላውም አካፈለው። ካራዋን ከእሜቴ ተቀብዬ ብራናዬን ፍቄ አጸዳሁና ሳልጠየቅ መልሼ ሰጠኋቸው። ሳቁ፤ ስቀው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩ፣ ጮክ ብዬ ለባለጉዳዩ አነበብኩ፣ «ይኼ ያስፈታዋል?» ብዬ ራሴ ጠየቅኩ፣ ካራዋን ተቀብዬ ፋቅኩ፣ መለስኩላቸው፣ ገለበጥኩ። ሁለቱም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አለቁ። ከዚያች ቀን ወዲህ እስካሁን የጻፍኩትን ሁሉ የጻፍኩት እንዲሁ ነው። የተቸገረ ሰው ቀን ሳይባክንበት የሄደ እንደሆነ በልቤ እሳቸውን አመሰግናለሁ፤ ሺህ ጊዜ አመስግኛለሁ ብል አልዋሽም።

ሦስተኛ ባለጉዳይ መጥቶ ብራናው ላይ ስጀምርለት የምሽጉ በር ተከፈተና አንድ ረጅም ሽማግሌ ወጡ። ነጠላ የላቸውም፤ ከንፈራቸው ተሰንጥቋል። እሜቴ እልል አላሉም፣ አልሮጡም። ተነሥተው ሄዱና ነጠላቸውን አውልቀው ባላቸውን አለበሱ። አህዮቹም ገብሱም አልተመለሱም፤ ያንን የጠየቀ የለም።

ሸኘኋቸው። የመጨረሻውን ዘበኛ አልፈን፣ የገሳይ መንገድ ወደ ዳገቱ ከሚታጠፍበት ደረስን። ከሦስታችን በቀር ሰው የለም። እሜቴ ቆሙ።

«አሁን ያን የፋቅነውን አንብብለት» አሉኝ።

«ተፍቋል እኮ እሜቴ።»

«ከልብህ አልተፋቀም። ስትከራከርለት አይቼሃለሁ።»

እውነት ነው፣ አልተፋቀም ነበር። መንገድ ዳር ቆሜ ለሽማግሌው በቃሌ አልኩላቸው፤ አንደበቱ የታረመ፣ እጁ የተፈታ፣ በሩ ለመጣ የማይዘጋ፣ ቀን የመጣውም ሌሊት የመጣውም ጠግቦ የሚወጣበት፣ ከነብር የማይሸሽ፣ ተኩሶ የማይስት። ሰውዬው ስድስት ቀን ጨለማ ውስጥ ሲሰደቡ የከረሙ ናቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ፤ እያንዳንዱ ቃል ሲደርሳቸው ጀርባቸው ትንሽ ትንሽ ሲቃና አየሁ። ያ ውዳሴ ከመጀመሪያውም ለጣሊያኑ አልነበረም፤ ለሳቸው ኖሯል።

«ከነብሩስ ሸሽቻለሁ» አሉ ስጨርስ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ሌሊት የመጣውም ያልከውን ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝ አባቴ። እንዲያምር ብዬ ነው።»

ባልና ሚስት ተያዩ። እሜቴ እኔም አልነገርኩትም በሚል ራሳቸውን ወዘወዙ። ሽማግሌው ወደ ኋላ፣ ወደ ምሽጉ አየት አደረጉና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«እንግዲያ እንዲያምር ብለህ ዳግም ለማንም እንዳትል» አሉኝ። «ባለፈው ሳምንት ሌሊት የመጡት አሥራ አንድ ነበሩ። ጠግበው ሄደዋል።»

ሳላውቅ የጻፍኩትን እውነት ያስፋቁኝ እሜቴ፣ እኔ ያለዚያች መስመር ጽሑፉ ይሞታል እያልኩ ስሟገት አንድም ጊዜ እውነት ነው አላሉኝም። ሁለት ቀን ሙሉ ያን ምሥጢር ከእኔ ካራ ጋር አንድ መቀነት ውስጥ ቋጥረው ተቀምጠዋል።

መንገዳቸውን ሊቀጥሉ ሲሉ ትዝ አላቸው። መቀነታቸውን ፈተው ካራዋን አወጡና በእጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«እንካ ልጄ» አሉ። «ጨርሰሃል።»